ነዳጅ የበላ መኪና ሁሉ ኦክስጅን ሴንሰሩ ተበላሽቶ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው፣ ስራዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው። በቅርቡ በመኪና አምዳችሁ ላይ ያረጀ መኪና ነዳጅ ካበዛ ኦክስጅን ሴንሰሩን ይቀይሩ የሚል ምክር አውጥታችሁ ነበር። ምክሩ ክፋት የለውም፣ ሴንሰሩ ሲበላሽ እውነትም ነዳጅ ይበላል፣ ግን እንዲህ በአንድ መስመር ብቻ ስታወጡት እኛ ጋ ምን ይዞ እንደሚመጣ ላሳያችሁ ብዬ ነው። ሰውየው ጋዜጣውን አጣጥፎ ኪሱ ከቶ፣ ሴንሰሩን ከነካርቶኑ ገዝቶ ይመጣና "ይሄን ግጠምልኝ" ይላል። እስቲ መጀመሪያ ልለካው ስትለው ይቀየማል፣ ስራ ልታበዛበትና ሂሳብ ልትቆልልበት የፈለግክ ነው የሚመስለው፣ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል እኮ ይልሃል። ከጋዜጣ ጋር ደግሞ ማን ይከራከራል።

ነገርየው ምን እንደሚሰራ ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ሴንሰሩ ነዳጅ አይረጭም፣ አያቃጥልም፣ ማርሚታው መስመር ላይ ተሰክቶ የሚወጣው ጭስ ውስጥ ኦክስጅን ተርፏል ወይስ አልተረፈም የሚለውን ለመኪናው ኮምፒውተር እየነገረ የሚኖር ነው። ቤንዚን በደንብ ተቃጠለ የሚባለው በክብደት ለ1 ነዳጅ 14.7 አየር ሲገባ ነው። አየሩ ሲበዛ ሴንሰሩ ወደ 0.1 ቮልት ይወርዳል፣ ነዳጁ ሲበዛ ወደ 0.9 ይወጣል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ያንን እያየ የኢንጀክተሩን፣ የነዳጅ መርጫውን፣ መክፈቻ ጊዜ ያስረዝማል ወይ ያሳጥራል፣ ቀኑን ሙሉ በቃ ይሄ ነው ጨዋታቸው። የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ ሰርቶት ቮልቮ ላይ የተገጠመው በ1976 እ.ኤ.አ. ስለሆነ አዲስ ነገርም አይደለም። አንድ ጠባዩ ግን ካልሞቀ አይናገርም፣ ወደ 300 ዲግሪ አካባቢ መድረስ አለበት፣ ለዛ ነው ከአሮጌዎቹ ባለ አንድ ሽቦ በስተቀር አብዛኞቹ ውስጣቸው የራሳቸው ማሞቂያ ያላቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባለፈው ክረምት ከአጋሮ መስመር አንድ ሀጂ አሮጌ ኮሮላ ይዘው መጡ። ቼክ ኢንጅን የሚባለው የብልሽት መብራት በርቷል፣ እሳት የሚጭረው ካንዴላ ሲፈታ ጥቀርሻ ለብሷል፣ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ቆሞ ሲሰራ፣ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ቤንዚኑም ይሸታል። ሌላ ጋራዥ ኮምፒውተር ሰክተው የብልሽት ኮዱን አንብበው ሴንሰር ነው ብለዋቸው ቀይረውላቸዋል፣ ከሳምንት በኋላ መብራቱ ተመልሶ በራ፣ አሁንም ያው ሴንሰር ነው፣ የገዙት ኮፒ ስለሆነ ነው፣ ኦርጂናል ያምጡ አሏቸው፣ ሰውየውም አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሰው ልከው አስመጡ፣ እሱም ተገጥሞ መኪናው ያው ነው። እኔ ጋ ሲመጡ እንግዲህ ሁለት አዲስ ሴንሰር ጨርሰው ነው።

መኪናውን አሳደርኩት፣ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እንደሆነ ኮፈኑን ከፍቼ ሳስነሳው ከሞተሩ ጎን ጭጭ ጭጭ የምትል ድምፅ አለች፣ ሞተሩ ሲሞቅ ብረቱ ስለሚለጠጥ ትጠፋለች፣ ለዛ ነው ከሰዓት የመጣ መኪና ላይ የማትሰማው። ልጁን ከኋላ የማርሚታውን አፍ በጨርቅ አፈን አድርጋት አልኩት፣ ጭስ ሰብሳቢው ማኒፎልድ ከሞተሩ ራስ፣ ከቴስታታው፣ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ጭሱ ቡልቅ አለ። በመሀላቸው ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተበልቷል፣ ብረቱ ላይ ራሱ ጥቁር የጥላሸት መስመር ሰርቷል፣ ባትሪ ላብራ ላለ ሰው ይታያል። ታዲያ በዛች ቀዳዳ ጭስ ብቻ አይደለም የሚወጣው፣ በየምቱ መሀል የውጭ አየርም ይገባል፣ ሴንሰሩ ያንን አየር አግኝቶ ኦክስጅን በዝቷል ይላል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ አምኖ ነዳጅ ይጨምራል፣ መኪናው ነዳጅ በላ ማለት እሱ ነው። ሴንሰሩ ያገኘውን ነው የተናገረው።

"ሀጂ፣ ሴንሰሩ እኮ ምንም አልሆነም፣ የመጀመሪያውም ሳይሆን አይቀርም ደህና የነበረው" አልኳቸው። "ታዲያ ለምን አስቀየሩኝ ልጄ?" አሉኝ። ስላልለኩት ነው፣ እሱ ተናጋሪ ነው፣ ያልጣመውን ነገር ተናገረ ብለው አወጡት ስላቸው ዝም ብለው ቆዩና፣ እሳቸው የቡና ነጋዴ ናቸው፣ "ቀማሹ ቡናው ሻግቷል ሲል ቀማሹን ነዋ ያባረሩብኝ!" አሉ። ከዚህ የተሻለ አድርጌ እኔ ላስረዳ አልችልም። የመጀመሪያውን ሴንሰር ልለካው ፈልጌ የት አለ ስላቸው አልሰጧቸውም፣ እዛው ጋራዥ ቀርቷል። ደህና ከነበረ እንግዲህ ዛሬ አንድ ሌላ መኪና ላይ እየሰራ ይሆናል።

ኮድ ጥርጣሬ እንጂ ፍርድ አይደለም። ፒ0171 ካለ ድብልቁ አየር በዝቶበታል ነው የሚለው፣ ፒ0172 ካለ ነዳጅ በዝቶበታል ነው፣ ሴንሰር ሞቷል አላለም። ፒ0135 ግን ስለሴንሰሩ ማሞቂያ ስለሆነ ወደ ነገሩ ይጠጋል፣ እሱም ቢሆን ፊውዙ ተቃጥሎ ወይ ሽቦው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ፒ0420ማ የባሰ ነው፣ እሱ የሚናገረው ስለ ካታሊቲኩ፣ ማርሚታው መስመር ላይ ጭሱን ስለሚያጣራው እቃ ነው፣ ሰው ግን ከሱ ኋላ ያለውን ሁለተኛ ሴንሰር እየገዛ ይመጣል። ስትጠይቀው ካታሊቲኩን ማርሚታ በያጅ ጋ ሆዱን አስወጥቶታል፣ መኪናው ታፈነ ብለውት፣ ውስጡ ያለው ፕላቲኒየምና ፓላዲየም ዋጋ ያለው ነገር መሆኑን ማን ነግሮት፣ ባዶ ቆርቆሮ ተሸክሞ ነው የሚዞረው። የኋላው ሴንሰር እኮ ስራው ካታሊቲኩን መጠበቅ ነው፣ የሚጠብቀው ነገር ከሌለ መቶ ጊዜ ብትቀይረው መቶ ጊዜ ይከስሳል።

ሌላው ደግሞ ቴርሞስታት ነው፣ ሞተሩ እስኪሞቅ የማቀዝቀዣውን ውሃ ይዞ የሚያቆየው፣ ይሄን በትልቁ አውጡልኝ። መኪና ትንሽ ሞቀ በተባለ ቁጥር ቴርሞስታቱን አውጥተው የሚጥሉ አሉ፣ እዚህ ጅማ አየሩ ነፋሻ፣ ክረምቱ ረጅም፣ ሰው እዚሁ ከተማ ውስጥ ከፈረንጅ አራዳ መርካቶ ደርሶ የሚመለስ ነው፣ ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በዚህ ርቀት ሙቀቱን አያገኝም፣ ሞተሩ እስካልሞቀ ድረስ ኮምፒውተሩ ነዳጅ አብዝቶ ነው የሚሰጠው፣ አሮጌ መኪና ላይማ ሴንሰሩን መስማት ራሱ አይጀምርም። ከዛ ጥላሸቱ ሴንሰሩ ላይ ይለጠፋል፣ በመጨረሻ እሱም ይደክማል። እንግዲህ ይሄ ሰውዬ ሴንሰር ቢቀይር አዲሱንም ማጥቀር ነው።

እንዴት ይለካል ለሚለኝ፣ ከባድ አይደለም። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፣ እኔ የማልቸኩል ከሆነ ወደ ጅሬን አባ ጅፋር ቤተመንግስት ዳገቱን አስወጥቼ ነው የምመልሰው፣ ከዛ ዲጂታል ቴስተር የሲግናሉ ሽቦ፣ የሴንሰሩን ወሬ ለኮምፒውተሩ የሚያደርሰው፣ ላይ አድርጎ ሞተሩን 2500 ዙር ላይ መያዝ። ባለመርፌ የድሮውን ቴስተር ለዚህ አትጠቀሙ፣ ሴንሰሩ የሚያመነጨው ትንሽ ስለሆነ መርፌዋ ራሷ ትስበዋለች። ደህና ሴንሰር ቁጥሩ ከ0.1 ወደ 0.9 እየዘለለ አንድ ቦታ አይቆምም፣ ቶዮታ በብዙ ሞዴሎቹ ማንዋል ላይ በ10 ሰከንድ ቢያንስ 8 ጊዜ መቀያየር አለበት ይላል። ቁጥሩ ታች 0.1 ላይ ከተኛ ወዲያው አትፍረዱበት፣ የአየር ማጣሪያው መግቢያ ላይ ትንሽ የካርቡራተር ማጠቢያ ስፕሬይ ነፋ ሲደረግ ወደ 0.9 ብድግ ካለ ሴንሰሩ በህይወት አለ፣ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። ላይ ከተኛ ደግሞ ወደ ሞተሩ አየር መግቢያ ከሚሄዱት አንዷን ቫኪዩም ጎማ ነቀል አድርጎ አየር ማስገባት ነው፣ ወደታች መውረድ አለበት። በሁለቱም ካልተንቀሳቀሰ፣ ወይ እየተንፏቀቀ ከሄደ፣ አዎ ሞቷል፣ ይቀየር። ማሞቂያው ደግሞ ሶኬቱን ነቅሎ በኦም፣ በኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያው፣ ይለካል፣ ብዙ ቶዮታ ላይ ሲቀዘቅዝ ከ11 እስከ 16 ኦም ነው፣ ምንም ካላነበበ ተበጥሷል።

ስካነር የማይገባባቸው አሮጌ ቶዮታዎች አሉ፣ እነሱ ላይ ኮፈን ስር ባለችው የመመርመሪያ ሳጥን ቲኢ1 እና ኢ1 የሚሉትን ቀዳዳዎች በቁራጭ ሽቦ አገናኝቶ ቁልፉን ማብራት ነው፣ ቼክ ኢንጅን መብራቷ ብልጭ ብልጭ እያለች ታወራለች፣ ሁለቴ ብልጭ ብላ ቆም ካለችና አንዴ ከደገመች 21 ነው፣ ኦክስጅን ሴንሰር። ነጻ ነው፣ ማንም አያስከፍላችሁም። እሷም ብትሆን ግን ለካ እንጂ ቀይር አላለችም።

እሺ ሞቷል እንበል። እዚህ ላይ ነው የአሮጌ መኪና ጣጣ የሚመጣው። ለመኪናው የተሰራው ከነሶኬቱ ብዙ ጊዜ ጅማ ላይ አይገኝም፣ ከአዲስ አበባ ነው የሚላከው፣ አለበለዚያ ሶኬት የሌለው ለሁሉም ይሆናል የሚሉት ይመጣና ሽቦ ቆርጦ መቀጠል ነው። በሽቦ ቀለም የሚሳሳት ባለሙያ ብዛቱ! ባለ አራት ሽቦ ሴንሰር ቦሽ ከሆነ ሁለቱ ነጮች ማሞቂያ ናቸው፣ ጥቁሩ ሲግናል፣ ግራጫው መሬት። የጃፓኑ ዴንሶ ሲሆን ግን ሁለቱ ጥቁሮች ናቸው ማሞቂያ፣ ሰማያዊው ሲግናል፣ ነጩ መሬት። አያችሁ አይደል፣ ጥቁርን ከጥቁር ነጭን ከነጭ ብሎ የገጠመ ሰው የማሞቂያውን 12 ቮልት ሲግናሉ ላይ እንደሚልከው። ባለፈው የመጣልኝ ቪትዝ ልክ እንደዚሁ ሆኖ አዲሱ ሴንሰር ገና ሳይሰራ ሞቷል፣ ኮምፒውተሩ የተረፈው በእድል ነው። ሽቦውን ሲቀጥሉም በሊድ አይበየድም፣ በክሊፕ ተጨምቆ ነው የሚያያዘው፣ ምክንያቱም ብዙዎቹ ሴንሰሮች ለማነጻጸሪያ የሚሆናቸውን ንጹህ አየር የሚስቡት በሽቦዎቹ መሀል በኩል ነው፣ በሊድ ከደፈንከው ወይ ሶኬቱን በግሪስ ካጠቀጠቅከው ታፍነዋለህ። ይሄን የነገርኩት ሰው ሁሉ ይስቅብኛል፣ ግን እውነት ነው።

ደግሞ ኤር ፉዌል ሴንሰር የሚባል የአየርና የነዳጅ ምጣኔ የሚለካ አለ፣ ባለ አራት ሽቦ ነው፣ ጥርሱም ያው ነው፣ መልኩም ያው፣ አሰራሩ ግን ሌላ ነው፣ ማሞቂያው ራሱ ሲለካ ጥቂት ኦም ብቻ ነው። አንዱን በአንዱ ቦታ መግጠም አይቻልም። ገባ ማለት ሆነ ማለት አይደለም፣ የአሮጌውን ቁጥር አይቶ ነው የሚገዛው፣ አሮጌውን ሳይዙ ሱቅ መሄድ አያስፈልግም።

አፈታቱ ላይ አልበዛም። ሞተሩ ሞቅ እያለ፣ እጅ ሳይቃጠል፣ ዝገት ማላቀቂያ ነፍቶ ጥቂት ማቆየት፣ በ22 ቁልፍ ነው፣ ጎኑ ለሽቦው የተሰነጠቀ ሶኬት ካለ ይመረጣል፣ ክፍት ቁልፍ ጠርዙን ይልጠዋል። ቀዝቃዛ ላይ በጉልበት ከታገሉት የማኒፎልዱን ጥርስ ይዞ ነው የሚወጣው፣ ከዛ ቶርኖ ቤት ነው። የአዲሱ ጥርስ ላይ የሚቀባው ቅባት ጫፉን እንዳይነካ፣ እጅ ላይ ያለ ሲልከንም እንዳይነካው። ስለ ሲልከን ካነሳሁ፣ የሞተር ጓርኒሲዮን ሁሉ በርካሽ ሲልከን የሚለጥፉ ልጆች አሉ፣ ጭሱ ሴንሰሩን ነጭ አመድ አልብሶ ይገድለዋል፣ ሴንሰር አይጎዳም ተብሎ የተጻፈበት አለ፣ እሱን ግዙ። ዘይት የሚጠጣ ሞተርም አዲሱን ሴንሰር ብዙ አያቆየውም፣ መጀመሪያ ሞተሩን። አጣቢዎችም እባካችሁ ከረጅም መንገድ የመጣ ትኩስ መኪና ስር ቀዝቃዛ ውሃ በፕሬዠር አትልቀቁበት፣ የሴንሰሩ ውስጥ ሴራሚክ ነው፣ ይሰነጠቃል።

ከተገጠመ በኋላ ኮዱ ይጥፋ፣ ኮምፒውተሩ ድሮ የለመደውን እንዲረሳ ጊዜ ይፈልጋል፣ አንድ ቀን ነድተው ነዳጁ አልቀነሰም ብለው የሚመጡ አሉ። አንዳንዱ ጽሁፍ ላይ ሴንሰር ሲቀየር 40 በመቶ ይቆጥባል የሚል አያለሁ፣ የአሜሪካ መንግስት የነዳጅ ቁጠባ ገጽ ላይ የወጣው እንደ ኦክስጅን ሴንሰር ያለ ከባድ ብልሽት ሲጠገን እስከ 40 በመቶ ሊሻሻል ይችላል የሚል ነው፣ ያ ጣሪያው ነው፣ በጣም ተበላሽቶ ለነበረ መኪና ነው፣ የናንተ መኪና ያን ያህል ካላሻሻለ አልተሰራም ማለት አይደለም።

ይሄን ሁሉ የምለፈልፈው ለምን መሰላችሁ፣ አሮጌ መኪና ከእጃችን አይወጣም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አክብዶታል፣ ከ2016 ጀምሮ ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንዳይገባ ተከልክሏል፣ ኤሌክትሪኩ ጥሩ ነው አልቃወምም፣ እኔም አንድ ቀን እሱን መጠገን እማራለሁ፣ ግን የአጋሮ ገበሬ፣ የሰቃ ነጋዴ፣ የሶኮሩ መምህር ዛሬ ያለው ያው ኮሮላና ቪትዝ ነው፣ ገና ብዙ አመት ይነዳዋል። ቤንዚን ሊትሩ 100 ብር ካለፈ ቆየ። ሰው ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ያልተበላሸ እቃ ሲያስቀይር ገንዘቡ ሁለት ቦታ ነው የሚፈሰው፣ ለሴንሰሩም ለነዳጁም።

ባለ መኪናው ቴክኒኩን ማወቅ የለበትም፣ እኔም ሀኪም ጋ ስሄድ ሁሉን አላውቅም። ሶስት ነገር ብቻ ይጠይቅ፣ ስንት ቮልት ለካህ፣ ስንት ኦም ለካህ፣ አሮጌውን ስጠኝ። መልስ የሌለው መካኒክ ከሆነ ቁልፉን ተቀብሎ ይሂድ። ለሙያ ጓደኞቼ ደግሞ ደረሰኝ ላይ የለካችሁትን ቁጥር ጻፉበት፣ ሁለት ደቂቃ አትፈጅም፣ ደንበኛ ሲመለስም መከራከሪያ ትሆናለች። የስራ ባልደረባን ስም አጠፋህ የሚለኝ አይጠፋም፣ ይበል። አመታዊ ምርመራ ላይም ቦሎ ሲታደስ ጭሱ ተለክቶ ወረቀቱ ለባለቤቱ ቢሰጠው ትልቅ ነገር ነበር፣ ያ ግን የሚመለከተው አካል ስራ ነው።

እናንተን የምለምነው፣ በሚቀጥለው አምዳችሁ "ይቀይሩ" የሚለውን "ያስለኩ" በሚል አርማችሁ አውጡልን፣ የሽቦ ቀለሙን ነገር ከቻላችሁ በስእል አድርጉት፣ ልጆቹ ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል። እግረ መንገዳችሁንም አሮጌ ናፍጣ ሀይሉክስ እና ካርቡራተር የሆነችው ዲኤክስ ኮሮላ ኦክስጅን ሴንሰር የሚባል ነገር እንደሌላቸው ጻፉ፣ ጽሁፋችሁ ከወጣ ወዲህ የናፍጣ መኪና ይዞ "ሴንሰሩን ቀይርልኝ" የሚል ሰው በር ላይ እየቆመብኝ ነው፣ የለውም ስለው ሰርቀህብኝ ነው ሊለኝ ምንም አልቀረውም።

አክባሪያችሁ
የመኪና ኤሌክትሪሺያን፣ ከጅማ